አሮጌ ሃይኤስ ላይ ኢሞቢላይዘር ሲገጠም የቱ ሽቦ ይቆረጥ?

የሱሉልታው ሰርቪስ፦

ሰላም ወገኖች። የ1999 ሞዴል ሃይኤስ አለኝ፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ጠዋት ጠዋት ከሱሉልታ 11 ተማሪ ጭኜ አዲሱ ገበያ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። የግቢያችን በር ስለማያስገባው መኪናው የሚያድረው አጥሩ ስር ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ውሻው አላስተኛ ሲለኝ ወጣሁ። ማንም የለም። ሲነጋ ሳየው የሾፌር በር ገርበብ ብሏል። ከመሪው ስር ያለው ፕላስቲክ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ሁለት ሽቦ ጫፋቸው ተልጦ ተንጠልጥለዋል። ማታ ማታ የባትሪውን ኔጋቲቭ የመፍታት ልማድ ስላለኝ ነው የተረፈው።

አሁን ኢሞቢላይዘር ገዝቻለሁ። ከቁልፉ ጋር የሚንጠለጠል ትንሽ ቺፕ አለው፤ ቺፑ በአጠገቡ ከሌለ አያስነሳም። አንዱ ኤሌክትሪሺያን የሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ ሽቦ ቆርጠን እናስገባው አለኝ። ሌላው ደግሞ የለም፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የፖምፓውን ነው አለ። የምጭነው የሰው ልጆች ነው። መንገድ ላይ ሞተር ቢያጠፋብኝስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የሚያውቅ ይምከረኝ።

ቡራዩ ኤሌክትሪክ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፈልህ። 22 ዓመት በመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ሁለቱም የነገሩህ ግማሹን ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አረጋግጥ። 5ኤል እና 5ኤል-ኢ ይለያያሉ። 5ኤል-ኢ ፖምፓው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ እዚያ ላይ እኔ የምልህን አትሥራ። ተራው 5ኤል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በእሳት ብልጭታ አይሠራም። አንዴ ከተነሳ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፖምፓው ላይ ያለችውን ናፍጣ የምትከፍትና የምትዘጋ ቫልቭ። አንድ ሽቦ ነው የሚገባላት። ቁልፍ ስትከፍት 12 ቮልት ያገኛል፣ ስትዘጋ ይቋረጥና ሞተሩ ይጠፋል።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ብቻ ከቆረጥክ ሌባው ገፍቶ በማርሽ ያስነሳዋል። እናንተ ሰፈር ደግሞ ቁልቁለት ሞልቷል። ፖምፓውን ብቻ ከቆረጥክ ደግሞ ከባትሪ አንድ ሽቦ ስቦ ቫልቯ ላይ ያሳርፍና ይነዳል። ሁለቱም ይቆረጡ። የሃይኤስ ሞተር ወንበር ስር ስለሆነ የወንበሩንም ክዳን በቁልፍ አሳስር።

አሁን ወደ ጭንቀትህ ልምጣ፤ ልክ ነህ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ኢሞቢላይዘር ሌላ ቦታ አስገጥሞ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ሞተሩ ጠፋበት። ደንግጦ ፍሪሲዮን ረገጠ። ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሩ በጎማው ጉልበት ይዞር ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ግን ቀጥ አለ። መሪው ድንጋይ ሆነ። በዚህ ሞተር የፍሬን ቫኪዩም፣ ማለትም ፍሬኑን የሚያቀልልህ የአየር መምጠጥ ጉልበት፣ የሚመጣው ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለ ፓምፕ ነው፤ ዲናሞው ሲቆም ፍሬኑም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ይከብዳል። እግዜር ይመስገን፣ የመንገዱ ዳር ያለ አፈር ላይ አወጣው። ስንፈትሸው የእቃው ኔጋቲቭ በናስትሮ ብቻ ተጠምዝዞ ነበር፣ ላልቷል። አስተካክዬ እስክሰጠው ድረስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ፖምፓው ላይ የሚገባው ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ በ87ኤ እግሩ ይሁን። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚቆርጥ፣ ሲያጣ የሚያገናኝ ማለት ነው። እቃው ቢበላሽ ወይም ሽቦው ቢላላ ሞተሩ መሥራቱን አያቆምም። የሞተሪኖው ሪሌ ግን በ87 ይሁን፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ የሚያገናኝ፤ እቃው ካልፈቀደ አይዞርም። ይህኛው የሚያስከትለው ቢበዛ ቆመህ መቅረት ነው። እርግጥ ሌባው የኢሞቢላይዘሩን ሳጥን አግኝቶ ከነቀለና ከገፋው ይነሳል። ስለዚህ ሳጥኑን ከመሪው ስር አታድርግ፣ መጀመሪያ የሚፈልጉት እዚያ ነው።

ሪሌዎቹ ባለ 40 አምፔር ይሁኑ። ሽቦ በቀለም አትገምት፤ ከ20 ዓመት በላይ የሆነ መኪና ስንት እጅ እንደገባበት አይታወቅም። በቴስተር ለካ። የሞተሪኖው ሽቦ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ስታዞር ብቻ 12 የሚያሳየው ነው። መገናኛውን በሊድ በይደህ በሚሞቅ ፕላስቲክ ሸፍነው። በስልክ ከርቀት ሞተር ማጥፋት የሚል ነገር ካለው ደግሞ አታገናኘው። በፍጹም።

ወተት ከሰንዳፋ፦

ጋሼ ሁሉን ተናግረዋል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው ወተት ለመሰብሰብ የምወጣው። ታህሳስ ላይ ውርጭ ሲወርድ መኪናዬ እንቢ ይል ነበር። ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ካንዴላ ይሞቃል፣ ሞተሪኖው ግማሽ ዙር ይዞርና ጭጭ። ሦስት ቀን ወተት ተበላሸብኝ፣ ባትሪም ቀየርኩ። ችግሩ ግን ብርድ ላይ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ወደ 8 ስለሚወርድ ኢሞቢላይዘሩ ራሱ እየጠፋ ይመለስና ይቆልፍ ነበር። የእቃውን ፖዘቲቭ ከቁልፉ ሽቦ ላይ ነበር የቀጠሉት። ከባትሪው በቀጥታ በራሱ ፊውዝ አምጥተው ኔጋቲቩን ንጹህ ብረት ላይ ሲያስሩት ተፈወሰ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋም አስብበት ወንድሜ። የኔ እቃ ቆሞ 15 ሚሊ አምፔር ይበላል። 60 ቀን ሲቆም ከ21 አምፔር ሰዓት በላይ ነው። ባለ 70 ባትሪ ሲሶውን ያህል አጣ ማለት ነው።

የሱሉልታው ሰርቪስ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ እድሜ ይስጣችሁ። ሞተሩ ተራው 5ኤል ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን አጠገቡ ቆሜ አሠራሁት፣ እርስዎ እንዳሉት በ87ኤ። ሪሌዎቹን ሶማሌ ተራ ነው ያገኘሁት።

እሁድ ጠዋት ሞከርነው። ቺፑን ቤት ትቼ ቁልፍ አዞርኩ፤ ድምፅ የለም። ሁለተኛ ማርሽ ከትቼ የጎረቤት ልጆች ቁልቁለቱን ገፉት፤ እየተንገጫገጨ ወረደ እንጂ አልተነሳም። ከዚያ ቺፑን አምጥቼ አስነሳሁት። ቆሞ እየሠራ ሳለ የእቃውን ፊውዝ ነቀልኩት። ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ሞተሩ ምንም አልሆነ፣ መሥራቱን ቀጠለ። አጥፍቼ እንደገና ላስነሳ ስል እንቢ አለ። ፊውዙን ስመልስ ወዲያው ተነሳ።

በብርድ ሲነሳ ቮልቴጁን ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ለካሁት፣ 9.8 ነው። ሁለተኛውን ቺፕ ባለቤቴ ጋ አስቀምጫለሁ። ልጆቹንም አድርሼ ተመልሻለሁ።