ቡና ሲቆላ የሚገማው ሰው አለ ወይ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ። ደሴ ነኝ። ከባድ ጉንፋን ይዞኝ ማሽተት ጨርሶ ጠፍቶብኝ ነበር። ቀስ እያለ መለስ ሲል ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማና የሰነበተ ቆሻሻ አንድ ላይ ነው የሚሸተኝ። እማ ብረት ምጣዱን ስታነሳ እኔ ወደ ደጅ። እኛ ቤት ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል አይመሽም፣ ጎረቤቱ "ምን ነክቶት ነው ቡና የጠላ?" እያለ ማማት ጀምሯል። ሽንኩርትና ጥብስም ያቅለሸልሸኛል። እጣኑ ግን ደህና ነው! አፍንጫዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?

ሐይቅ ዳር፦
አይዞህ ወንድሜ። እህቴን ኮሮና ይዟት ከተነሳች በኋላ እንደዚሁ ነበረች፣ ወጥ ሲቁላላ ከቤት ትወጣለች። እናታችን ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥራ ጠዋት ማታ ስታስሸትታት ከረመች። አሁን ደህና ናት።

ባዮሎጂ አስተማሪው፦
ቡናው ምንም አልሆነም፣ አንተም አላበድክም። ፓሮስሚያ ይባላል። አፍንጫችን ውስጥ ላይኛው ጣሪያ ላይ ሽታ የሚቀበሉ ነርቮች አሉ፣ የመቀበያው ዓይነት ደግሞ በሰው ላይ ወደ 400 ይጠጋል። አንዱ ነርቭ የሚይዘው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የመቀበያዎቹን ጂኖች ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ1991 (በፈረንጆቹ) አገኙ፣ በ2004 ኖቤል ተሸለሙበት። የተቆላ ቡና ሽታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ድምር ነው፣ አእምሮ "ቡና" የሚለው የትኞቹ መቀበያዎች አንድ ላይ እንደተነኩ አይቶ ነው። ጉንፋኑ ነርቮቹን ሲጎዳ የተወሰኑት ብቻ ተርፈው ወይም አዲስ በቅለው ይሠራሉ። ሁለት ክሩ በተበጠሰ ክራር አምባሰል ሲመቱ አስቡት፣ ዜማው አለ ግን ጆሮ ይጎረብጣል።

እጣኑ ለምን ተረፈ? በ2022 እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳንተ የሆኑ ሰዎችን የቡናን ሽታ ውህድ በውህድ እየለዩ አስሸተቷቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጠላቸው ድኝ ያለባቸው ውህዶች ሆነው ተገኙ። እነዚህ ደግሞ እጅግ ጥቂት ሆነው እንኳ አፍንጫ ይይዛቸዋል። በሽንኩርትና በተጠበሰ ሥጋም ድኝ ያለባቸው ውህዶች ሞልተዋል። የእጣን ሽታ ግን በአብዛኛው ከሌላ ዓይነት ውህድ ነው።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
አስተማሪው ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል። እኔ ልጨምር፦ የሽታ ነርቭ ዕድሜ ልክ ራሱን ይተካል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱን ከዓመት በላይ ይዞት ይቆያል። የሐይቅ ዳር እናት ያደረጉትን አትናቁት። ጀርመን ድሬስደን ውስጥ በ2009 (በፈረንጆቹ) የወጣ ጥናት ላይ ሕሙማኑ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንት አሽትተው ለውጥ አሳይተዋል። ሎሚና ቅርንፉድ ጓዳህ አለ፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ደሴ ላይ የሚጠፋ አይደለም። ሳትቸኩል ለየብቻ አሽትት፣ እያሸተትክም የድሮ ሽታውን ለማስታወስ ሞክር። ነገሩ የጀመረህ ጭንቅላትህን ተመትተህ ከሆነ፣ ወይም ምንም በሌለበት የሚቃጠል ነገር ሽታ ድንገት መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ሂድ። የሰነበተ ወጥም ሌላ ሰው ያሽትትልህ፣ ባንተ አፍንጫ አትመን።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ! እንግዲህ ለጊዜው አፍንጫዬን ይዤ ብጠጣውስ? እማን ማስቀየም ሰለቸኝ።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
እስክትውጥ ይሠራል። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ከአፍ በጉሮሮ ዞሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው፣ እጅህን የለቀቅክ ጊዜ ይመጣብሃል። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ብዙ አይተንም፣ እርጎና ዳቦ ይሻልሃል። ቡናው ግን ባንተ ምክንያት አይቅርባቸው፣ ሲቆሉ መስኮት ይከፈት፣ አንተ ለበረካው ግባ።