የሜይን ታርጋ ለሜሪላንድ ትሬለር ያዋጣል?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሰው ዕቃ ላመላልስበት ብዬ ባለ 5 በ8 ጫማ አሮጌ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት የዕቃ ጋሪ) ገዛሁ። አንዱ የኋላ መብራት በጡጫ ካልመቱት አይበራም። ሻጩ የሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ታይትል (የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀት) የለውም።

የሥራ ባልደረባዬ «የሜይን ግዛት ነዋሪው ላልሆነ ሰውም ትሬለር ይመዘግባል፣ ይረክስሃል» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «በቨርጂኒያ አድራሻዬ ላስመዝግብልህ» ይላል። እሱ እንኳ ውሸት ስለሆነ ትቼዋለሁ። የሜይኑ ግን አጓጓኝ።

ችግሩ፣ ትሬለሩ የሚያድረው እዚሁ ደጄ ላይ ነው። ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን እላለሁ? አደጋ ቢደርስስ ኢንሹራንሱ ይከፍላል? የሞከረ ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ ለቅዳሜ ዕቃቸውን ላነሳላቸው ቃል የገባሁላቸው እናት አሉ።