አድራሻዬ ስካርቦሮ ነው ወይስ ቶሮንቶ?

አዲስ ገቢዋ፦
ሰላም ናችሁ? ካናዳ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። የቤት ኪራይ ውሌ ላይ ከተማው «ቶሮንቶ» ይላል። ከባንክ የመጣልኝ ደብዳቤ ደግሞ «ስካርቦሮ»። መንገዱም የቤት ቁጥሩም ያው ነው። ዛሬ አንድ ቢሮ ሁለቱን ባቀርብ ልጅቷ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን እያየች «አይገጥምም» ብላ መለሰችኝ። የቱን ልጻፍ?

ባለታክሲው፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ነው። ስካርቦሮ የራሷ ከንቲባ ያላት ከተማ ነበረች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ነው ከነኖርዝ ዮርክ፣ ኢቶቢኮ፣ ዮርክና ኢስት ዮርክ ጋር ወደ ቶሮንቶ የተጠቀለለችው። ሰዉ ወዶ እንዳይመስልሽ! በ1997 ማርች ላይ ድምፅ ሲሰጥ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል «አንፈልግም» ብሎ ነበር። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት ግን ወጪ ይቀንሳል ብሎ ገፋበት።

ለፖስታ አታስቢ። ዋናው የፖስታ ኮዱ ነው፤ በኤም1 ከጀመረ ስካርቦሮ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ የመንገድ ስም ነው። ሁሉም አንድ ከተማ ሲሆኑ ሞክሼ መንገዶች አብረው ገቡ። ጆን ስትሪት መሀል ከተማ አለ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈርም አለ። ታክሲ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የኛ አገር እናት ከነዘንቢላቸው ጭኜ መሀል ከተማ ጆን ስትሪት ላይ ገጭ አልኩ። በመስኮት ቀና ብለው ፎቁን አዩና «ልጄ፣ የኔ ቤት እኮ ባቡር ሐዲዱ ጋ ነው» አሉኝ። ሜትሩን አጥፍቼ፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ሰልፍ፣ ዌስተን ድረስ በነፃ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን ሳልጠይቅ ቁልፍ አላዞርም።

የስካርቦሮዋ፦
ከተማው አንድ ሆነ አሉን እንጂ ለኛ ምን ጠብ አለ? ባቡራችን በ2023 ከሐዲዱ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ይኸው በአውቶቡስ ነው የምንጋፋው። እኔ አሁንም «የት ነሽ?» ሲሉኝ ስካርቦሮ ነው የምለው፤ ቶሮንቶ የምለው አገር ቤት ስደውል ብቻ ነው።

ዝምተኛው፦
ታሪኩን ተዉትና ልጅቷን መልሱላት። ባንኩ ጋ ደውለሽ ከውልሽ ጋር አንድ ዓይነት አስደርጊው። ክርክር ውስጥ አትግቢ።

አዲስ ገቢዋ፦
ደወልኩ፣ ተስተካከለ። ተባረኩ! ባለታክሲው፣ የእማማን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የኔዋ እናትም ስካርቦሮ ገባሁ ስላት «ስካር? ምነው ልጄ፣ ሌላ ሰፈር አጣሽ?» ብላኛለች።