ዝናቡን ማን አዘነበው? (ክርክር)

ሽምብጥ ሰፈር፦ ትናንት ማታ እዚሁ አንድ ኮንትራክተር ነኝ ባይ የፃፈውን አይታችኋል? ላላያችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባህር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ የፎቅ ግንባታ ላይ የቀን ሰራተኞቹ ጠዋት 1፡30 ስም አስጠርተው ገቡ፣ 4 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ፎርማኑ "ያባራል ጠብቁ" አላቸው፣ እስከ 9 ሰዓት የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ ተኮልኩለው ጠበቁ፣ ከዛ "በሉ ሂዱ" ተባሉና ከ400 ብር ውሎ 125 ብር ተሰጣቸው። የ2 ሰዓት ተኩል ሂሳብ መሆኑ ነው። አንዷ ልጅ ይሄን ብትፅፍ ሰውዬው የመለሰላት "ዝናቡን እኔ አላዘነብኩትም" ነው። እና ማን አዘነበው? ልጅቷ?

ባለ አርማታ፦ እኔ ነኝ የፃፍኩት አልደበቅም፣ አሁንም እደግመዋለሁ ዝናቡን እኔ አላዘነብኩትም። ስራው በቁርጥ ዋጋ የተያዘ ነው፣ ባለቤቱን "ዝናብ ነበር" ብለው አንድ ብር አይጨምርልኝም ጭራሽ ከዘገየሁ ቅጣት አለ። የሚክሰር (የአርማታ ማቡኪያው) ኪራይ ዝናብ ቢዘንብም አይቆምም፣ የዘበኛ ደሞዝ አይቆምም። ለሰሩት ከፍያለሁ፣ ላልሰሩት እግዜርን ይጠይቁ።

የዋልካ ልጅ፦ ቆይ ቆይ። የሚክሰር ኪራይ ዝናብ ቢዘንብም አይቆምም አልክ አይደል? ለሚክሰሩ ቆሞም ትከፍላለህ፣ እኛ ከሚክሰሩ ጎን ቆመን ስንበሰብስ ግን አትከፍልም። ሚክሰር ሆነን ብንወለድ ይሻለን ነበር።

ሽምብጥ ሰፈር፦ 😂😂 በቃ ነገ ስም ጥሪ ላይ "ሚክሰር" ብላችሁ ተመዝገቡ

ባለ አርማታ፦ አትቀልዱ። ሚክሰሩ ላይ ውል አለኝ።

የዋልካ ልጅ፦ ከኛ ጋርስ ምን አለህ? ጉርብትና?

አንቀጽ ቆጣሪ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ያቆሙት አዋጁ መሃል ላይ ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 54ን ያንብቡት። ንኡስ 1 ደሞዝ ለተሰራ ስራ ብቻ ነው የሚከፈለው ይላል፣ እዚህ ድረስ እርስዎ ትክክል ነዎት። ንኡስ 2 ግን በግርድፉ ሰራተኛው ለስራ ዝግጁ ሆኖ ተገኝቶ እቃና መሳሪያ ባለመቅረቡ ወይም ከሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሰራ ከቀረ ደሞዙን ያገኛል ነው የሚለው። ከሱ ባልሆነ ምክንያት! ዝናቡን እርስዎ አላዘነቡትም፣ እሽ፣ ሰራተኛውም አላዘነበውም፣ አዋጁ ደግሞ የሚጠይቀው የሱን ጥፋት ብቻ ነው።

ባለ አርማታ፦ እሱ ለቋሚ ሰራተኛ ነው። የቀን ሰራተኛ የመጣበትን ቀን ይወስዳል ያልመጣበትን አይወስድም፣ ድሮም እንዲህ ነው። አባቴም እንዲህ ነው ያሰራ የነበረው።

አንቀጽ ቆጣሪ፦ አዋጁ የስራ ውል ላለው ሁሉ ነው፣ "ለቋሚ ብቻ" የሚል የለበትም። ደሞ እኮ መጥተዋል! ስማቸው ተጠርቷል!

የጀልባ ሰው፦ እኔ የናንተ ክርክር አይገባኝም። እኛ ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበል ሲሆን ወደ ዘጌ የሚሄደው እንግዳ ይመለሳል፣ ጀልባው ታስሮ ይውላል፣ ማን ነው የሚከፍለን? ማንም። ቀረሶ ዓሣ የሚያወጣውም ልጅ መረቡን ታቅፎ ይመለሳል። ተቆጥተን አናውቅም። የውጪ ስራ እንዲህ ነው።

የዋልካ ልጅ፦ ወንድሜ ጀልባው የማነው?

የጀልባ ሰው፦ የኔና የወንድሜ

የዋልካ ልጅ፦ በቃ። ፋሲካ ሰሞን እንግዳው ሲጎርፍ ትርፉን ማን ይወስዳል? አንተና ወንድምህ። እኛ ፀሐይ የወጣ ቀን ድርብ ሰርተን 400 ነው፣ ሶሌታ (የፎቁን ወለል አርማታ) የሞላን ቀንም 400 ነው። ዝናቡን አላዘነብኩትም የሚለው ሰውዬ ፀሐይዋንስ እሱ ነው ያወጣት?

ሽምብጥ ሰፈር፦ ይሄን በትልቁ ፅፋችሁ ሳይቱ በር ላይ ለጥፉልኝ

የጀልባ ሰው፦ ፋሲካ ሰሞን እንግዳው ይጎርፋል ያለህ ማነው? አሁን ጣና ላይ ያለውን ሁኔታ የምታውቅ አትመስልም። ስንቱ ጀልባ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ዝም ብለህ አትፃፍ።

የዋልካ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነህ፣ ይቅርታ አያ። ነገሬን ግን ያዝልኝ።

ሳይት ላይ ያለሁ፦ እኔ ኢንጅነር ነኝ፣ ለማንም ልወግን አይደለም። ግን "ዝናቡን አላዘነብኩትም" ማለት በሕግ ቋንቋ "ከአቅም በላይ ነው" ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ እንደፈለጋችሁ ነው የምትጠቀሙበት። ፍትሐ ብሔር ሕጉ 1792 ላይ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ሲሆን ነው ይላል። ባህር ዳር ላይ፣ በነሐሴ፣ ዝናብ፣ ሊታሰብ የማይችል? እዚህ ከተማ የተወለደ ሕፃን እኮ ያውቀዋል። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ላይም ቢሆን ጊዜ የሚያስጨምርልህ ከወትሮው በጣም የተለየ አየር ነው እንጂ የዓመቱ ክረምት አይደለም። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ዋጋ ሲያስገባ ሐምሌና ነሐሴን አስልቶ መግባት ነበረበት። ካላሰላው ከሰራተኛው ኪስ እያሰላ ነው ማለት ነው።

ባለ አርማታ፦ አስልቼ ብገባ ጨረታውን አንተ ትሰጠኛለህ? አስልቶ የገባ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሎ ይወድቃል፣ ዝቅ ያለው ያሸንፋል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ማውራት ቀላል ነው።

ሳይት ላይ ያለሁ፦ ቢሮ? ስሜን አንብበው። ይልቅ ያን ቀን ለምን እስከ 9 ሰዓት እንዳስጠበቃችኋቸው ልንገርህ? ሶሌታ ልትሞሉ ነበር፣ ፎርማንህ ዝናቡ ካባራ ሰው እንዳያጣ ነው ያስጠበቃቸው። ካፊያ ላይ ላስቲክ ወጥራችሁ ለመሙላትም አስባችሁ ነበር፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። አርማታ ላይ ውሃ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ ጥንካሬው ነው የሚሄደው።

ባለ አርማታ፦ ያልሞላሁትን ሶሌታ ልትከሰኝ ነው? ተቆጣጣሪ አለኝ፣ አንተ ማነህ?

ሳይት ላይ ያለሁ፦ የጎረቤት ሳይት። ዝናቡ አንድ ነው፣ እኛ ግን ፌሮ ማስቆረጥና የውስጥ ልስን ላይ መደብናቸው። ሙሉ ውሎ።

ባለ አርማታ፦ እናንተ ጣሪያ አላችሁ!! እኔ ገና ኮለን (ምሰሶ) ላይ ነኝ፣ የትኛው ውስጥ ላስለስን? ሰማዩን?

ሻይ በፔርሙስ፦ እኔ እዛ በር ላይ ሻይ ነው የምሸጠው፣ ሕግ አላውቅም ያየሁትን ልናገር። መሰረቱ የተቆፈረው ዋልካ ላይ ነው፣ ትንሽ ዘንቦ እንኳን ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል። ልጆቹ ዝም ብለው አልጠበቁም። ሁለቱን ከጉድጓዱ ውሃ በባልዲ አስቀዷቸው፣ ሦስት ሴቶች ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ከረጢቱን ከግድግዳው እያራቁ እንጨት ላይ ደረደሩ፣ አንዷ እርጉዝ ናት። ሸራ ጫማቸው ውሃ ቋጥሮ ሲራመዱ ይጮህ ነበር። ሻይ በዱቤ ጠጡ፣ ማታ 125 ብር ይዘው መጡ፣ ከዛ ላይ የኔን ልቀበል? አልተቀበልኩም። አሁን እኔም የከሰርኩት በዝናቡ ነው ወይስ በሰውዬው?

ሽምብጥ ሰፈር፦ እንዴ! እስካሁን "ተቀምጠው ዋሉ" ነበር የተባለው እኮ። ባልዲውን ደበቅከን ጋሼ?

ባለ አርማታ፦ ስለ ባልዲው ፎርማኑ አልነገረኝም። አጣራለሁ።

የዋልካ ልጅ፦ "አጣራለሁ" 😂 ዝናቡን አላዘነብኩትም፣ ባልዲውን አላየሁትም፣ ፎርማኑን አልወለድኩትም

ካቦ ነኝ፦ ሁላችሁም አንድ ወገን ላይ ተረባረባችሁ። እኔ 20 ሰው ነው የምመራው፣ ከሰራተኛም ተንኮለኛ አለ፣ ደመና ሲያይ ቀርቶ ማታ "ዝግጁ ነበርኩ" የሚል። በየደመናው ሙሉ ይከፈል ከተባለ የትኛው ትንሽ አሰሪ ይቆማል? ስራው ይዘጋና ሁላችንም ቤት እንገባለን። መፍትሄው ጊዜውን ማዘዋወር ነው፣ እኔ ሰፈር አብዛኛው ዝናብ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው የሚጥለው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገብቶ 8 ሰዓት መውጣት።

አንቀጽ ቆጣሪ፦ ይሄ መጥፎ አይደለም። አንቀጽ 63ም እኮ የስራው ባህሪ ካስገደደ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ በሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ላይ ማካካስ ይፈቅዳል፣ ግን በቀን ከ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይጨመርም። እንደ አንዳንዶቹ እሁድ ጠርቶ "የረቡዕን ዝናብ ማካካሻ" ማለት ግን የለም፣ የእረፍት ቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያው እጥፍ ነው።

ካቦ ነኝ፦ እሁድ ማን ጠራ?

የዋልካ ልጅ፦ አንተ። ያለፈው እሁድ። ፍልሰታን እየጾምን፣ ከቅዳሴ ወጥተን።

ካቦ ነኝ፦ በፈቃድ ነው የመጣችሁት

የዋልካ ልጅ፦ "የቀረ ሰኞ እንዳይመጣ" ያልከው በፈቃድ ነው?

ሻይ በፔርሙስ፦ እኔም እሁድ እዛው ነበርኩ፣ ያንንም ልናገር?

ካቦ ነኝ፦ እትዬ አንቺ ሻይሽን ሽጪ

ሽምብጥ ሰፈር፦ ኧረ ባክህ! እትዬን እንዲህ የሚናገር ሰው ከዚህ ይውጣ

የጀልባ ሰው፦ እኔ አሁንም አልገባኝም። ያ ሁሉ አንቀጽ ካለ ለምን ስራና ስልጠና ቢሮ አትሄዱም?

የዋልካ ልጅ፦ አያ፣ ቢሮው የሚከፈተው በስራ ሰዓት ነው። እዛ የዋልኩበትን ውሎ ማን ይሰጠኛል?

የጀልባ ሰው፦ ዝናብ በጣለ ቀን ሂዳ

የዋልካ ልጅ፦ ዝናብ በጣለ ቀንማ "ጠብቁ" እየተባልን ነው!

ባለ አርማታ፦ በቃ ይሄን አንሱት። ለባልዲው ለየብቻ እከፍላለሁ። ሰኞ ሳይት ይምጡና ከፎርማኑ ጋር እንነጋገራለን።

የዋልካ ልጅ፦ የቱ ሰኞ? ዝናብ ያለበት ወይስ የሌለበት?

ሽምብጥ ሰፈር፦ በቤዛዊት ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል ደሞ

ባለ አርማታ፦ እሱንም እኔ ነኝ በሉ