ልጄ የሳጥን ይዘት ስሌት አልገባውም፤ እንዴት ላስረዳው?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ? 5ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። «ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲል ግን ይጠፋዋል። የትናንቱ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ስንት ይገባል? ልጄ ሦስቱን አባዝቶ 9000 አገኘ። ለ5 አካፈለና 1800 አለ። መልሱ ግን 72 ነው ተባለ። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ፤ እባካችሁ ተባበሩኝ።

መምህር (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ልጅዎ እስከ 9000 ድረስ ልክ ነው። የሳተው ለ5 ሲያካፍል ነው። 5 የጎኑ ርዝመት እንጂ የኩቡ ይዘት አይደለም። የአንዱ ኩብ ይዘት 5 × 5 × 5 = 125 ነው። 9000 ለ125 ሲካፈል 72 ይመጣል።

ይህን ብቻ ቢነግሩት ግን ሌላ ቀመር ይሸመድዳል። ለጊዜው ማባዛቱን ይተውና ሳጥኑን ከታች ጀምሮ በሐሳቡ ይሙላው። 30 ለ5፣ በርዝመቱ 6 ኩብ ይደረደራል። 20 ለ5፣ 4 ረድፍ ይሆናል። ወለሉ ላይ 24 ኩብ አለ ማለት ነው። ቁመቱ 15 ስለሆነ እንዲህ ያለ ድርድር 3 ጊዜ ይነባበራል። 24 በ3፣ 72! ይዘት እኮ ይኸው ነው፦ አንዱ ንብብር ስንት ይይዛል፣ ንብብሩስ ስንት ነው። እኔ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ልጆቹ ይህን ራሳቸው ከደረሱበት በኋላ ነው።

ባለሱቅ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እቴ! አንድ ካርቶን ሳሙና ከፍተሽ ፊቱ አስቀምጪለት። የላዩን ድርድር ይቁጠር። በጎን በኩል ስንት ድርድር እንዳለ ይይ። ድምሩን አስቀድሞ ይንገርሽና ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ ያረጋግጥ። የኔዋ ልጅ በዚህ ነው የገባት። ሳሙናው ኩብ ባይሆንም ቆጠራው ያው ነው። ካርቶን ከሌለ ክብሪትም ይሆናል።

ፎርማን (ደሴ)
መምህሩ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው የመለኪያ ነገር ነው። አሸዋ ስንረከብ ትልቅ ሰው ሳይቀር እዚህ ላይ ይሳሳታል። የመኪናው መጫኛ 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ የአሸዋው ከፍታ 80 ሳንቲ ከሆነ 640 አይባልም። 80 ሳንቲ 0.8 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 6.4 ሜትር ኩብ። መጀመሪያ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ይምጣ። ደግሞ 1 ሜትር ኩብ 100 ሳይሆን 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ውሃ ከሆነ 1000 ሴንቲ ሜትር ኩብ 1 ሊትር ይሆናል። ገንዳ የሚለካው በውስጡ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ውሃ አይይዝም።

ጠያቂ
ኑሩልኝ! በሳሙናው ገባው። አሁን ደግሞ «ርዝመቱ 32 ቢሆንስ?» ብሎ ያዘኝ።

መምህር (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ32 ውስጥ አሁንም 6 ኩብ ብቻ ነው የሚገባው። 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። መልሱ እዚያው 72 ነው። ዝም ብሎ ይዘቱን ቢያካፍል 9600 ለ125፣ 76.8 ይመጣበትና ይሳሳታል። ስለዚህ መጀመሪያ በየጎኑ ይደርድር። ለልምምድ 40 በ25 በ20 ይስጡት። በዚያው ኩብ 160 ካመጣ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ይለፍ።