የጄኔራል አኒይዶሆ መታሰቢያ፦ በጋራ የዕቅድ ረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት (ደሴ)

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ጡረታ የወጣን የሠራዊት አባላት ማኅበርና የታሪክ መምህራን ክበብ በጋራ ልናዘጋጀው የተስማማንበት የሕዝብ መድረክ የጋናዊውን መኮንን የሜጀር ጄኔራል ሄንሪ ክዋሚ አኒይዶሆን የሥራ ዘመን የሚመለከት መሆኑ ይታወቃል። በእጃችሁ ያለው ረቂቅ በሊባኖስና በካምቦዲያ ሰላም ማስከበር የተሰለፉባቸውን ግዳጆች፣ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የተመድ ኃይል ምክትል አዛዥ የነበሩበትን ጊዜ፣ በመጨረሻም በዳርፉር የተመድና የአፍሪካ ኅብረት ጥምር ተልዕኮ ውስጥ የያዙትን ኃላፊነት በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የሁለቱ ቦርዶች ፊርማ ሳያርፍበት ይጨመር ወይም ይቀነስ የምትሉትን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የታሪክ መምህር፦
ረቂቁ በትጋት የተዘጋጀ ቢሆንም የሹመት ዝርዝር ሆኖብኛል። ከመድረኩ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ውሳኔ ላይ፣ ማለትም ሩዋንዳን ላለመልቀቅ በወሰኑት ላይ እንዲያርፍ፣ የቀረው የሥራ ዘመናቸው ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እንዲተረክ ሐሳብ አቀርባለሁ። መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ምሽት የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ በቱትሲዎች ላይ የዘር ማጥፋት እልቂት ተጀመረ፤ በማግስቱም ጠቅላይ ሚኒስትሯ አጋት ኡዊሊንጊይማና ተገደሉ። እርሳቸውን ሲጠብቁ ከተያዙት የተመድ ወታደሮች መካከል አሥሩ ቤልጂየማውያን ሲገደሉ አምስቱ ጋናውያን ተለቀቁ። ቤልጂየም ጦሯን ጠቅልላ አስወጣች፤ የጸጥታው ምክር ቤትም ሚያዝያ 13 ቀን በውሳኔ ቁጥር 912 ወደ 2,500 ይጠጋ የነበረው ኃይል ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። የመውጣቱ ጉዳይ ሲነሣ ካናዳዊው አዛዥ ጄኔራል ዳሌር ምክትላቸውን አማከሩ፤ አኒይዶሆም ከመንግሥታቸው ፈቃድ ገና ሳያገኙ ጋናውያኑ እንደሚቆዩ ተናገሩ፤ የጋና መንግሥት መቀመጫ አክራ የደገፈቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የቀሩት ወደ 450 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ ጋናውያን ነበሩ። ወጣቶቻችን ሊያዩት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻምበል (ጡረተኛ)፦
መምህር ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን በውትድርና ያላለፈ ሰው የውሳኔውን ክብደት እንዲረዳ አንድ ማብራሪያ ይጨመርበት። በተመድ ሥር የተሰለፈ መኮንን ሁለት አለቃ አለው፤ የዕለት ትእዛዙን ከተመድ አዛዡ ቢቀበልም ማዕረጉን የሰጠው፣ ወታደሮቹን በአደራ ያስረከበው፣ ቢያጠፋ የሚጠይቀውና የሚከሰው የገዛ አገሩ ነው። ስለዚህ «እንቆያለን» ያለ መኮንን፣ በማግስቱ የወታደሮቹ ሬሳ አክራ ቢደርስ ለወላጆቻቸውም ለመንግሥቱም መልስ የሚሰጠው ራሱ ነበር። የቀሩት ወታደሮች የነበራቸው ቀላል መሣሪያ፣ የተበላሹ ብረት ለበሶችና የካናዳ የጭነት አውሮፕላን ሲሳካለት የሚያደርሰው ስንቅ ብቻ ነበር።

ከዚህ ጋር፣ ታሪኩ የአንድ ሰው ጀብዱ ሆኖ እንዳይቀርብ አደራ እላለሁ። ግንቦት 23 ቀን በሞርታር የተገደለው ሴኔጋላዊው ሻምበል ምባዬ ዲያኝ ባዶ እጁን በየኬላው እያለፈ ሰዎችን ያወጣ ታዛቢ ነበር፤ ተመድ ከ20 ዓመት በኋላ በስሙ የጀግንነት ሜዳይ አቋቁሞለታል። የኢትዮጵያ ሻለቃም ነሐሴ 1986 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ቻንጉጉ አካባቢ ከፈረንሳይ ጦር ቦታውን ተረክቧል። እኔም በዚያ ግዳጅ ነበርኩ፤ እኛ የደረስነው ግን እልቂቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ በዝግጅቱ ላይ የእኛ ድርሻ ከልኩ በላይ ባይነገር ደስ ይለኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
የአገራችን ጄኔራሎች ሞልተው ሳለ ለምን ጋናዊ እንደመረጥን ከሕዝቡ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በጽሑፍ ይኑረን።

የታሪክ መምህር፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኒህ ሰው ለእኛ ሩቅ አይደሉም፤ የአፍሪካ ኅብረትን የዳርፉር ተልዕኮ ይረዳ የነበረውን የተመድ ቡድን የመሩት እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው። የአገራችን መኮንኖች ታሪክ ለብቻው ቢዘጋጅለት እኔም የመጀመሪያው ተሳታፊ እሆናለሁ።

የተፈናቃዮች ድጋፍ አስተባባሪ የነበረች አባል፦
በረቂቁ ላይ የተመድ ጦር ይጠብቀው ስለነበረው የኪጋሊ አማሆሮ ስታዲየም የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ አሳዝኖኛል። የቀረው ጦር ጠቀሜታው የሚለካው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ተጠልለው በመትረፋቸው ነው። ደሴ ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሄድም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ሲጠለል ዴስኮቹ ግቢ ተቆልለው፣ እናቶች ሲሚንቶ ላይ ነጠላ አንጥፈው ልጆቻቸውን ያስተኙ ነበር፤ አንዲት እናት ገና ዳቦው ሳይታደል በየማለዳው የምትጠይቀኝ «ዛሬስ ማታ በሩ ላይ ሰው ይኖራል?» ብላ ነበር። ስለዚህ የስታዲየሙ ክፍል ሰፍቶ ይጻፍ። የአስከሬን ፎቶግራፍ ፈጽሞ እንዳይታይ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 30,000 የዳኑ ሰዎች ቁጥርም ግምት መሆኑ በግልጽ እንዲነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ቁስላቸው ያልሻረ ሰዎች ይቀመጣሉና።

ሻምበል (ጡረተኛ)፦
እህታችን ስለ ፎቶግራፉ ያለችው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በምትኩ የኪጋሊን ካርታ በትልቁ አሠርቼ ስታዲየሙን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ኬላዎቹን አመላክታለሁ።

ጸሐፊ፦
ተቃውሞ ስላልቀረበ ረቂቁ በሚከተለው መልክ ይስተካከላል። ዝግጅቱ ለሚያዝያ 13 በሚቀርበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲካሄድ ወሎ ባህል አምባ አዳራሹን በደብዳቤ እንጠይቃለን። ዋናው ገለጻ ጄኔራሉ ለመቆየት በወሰኑት በሚያዝያው ውሳኔ ላይ ይሆናል፤ ስታዲየሙ ራሱን የቻለ ክፍል ያገኛል፤ ሻምበል ምባዬ ዲያኝ በስም ይዘከራል፤ የኢትዮጵያ ሻለቃ ግዳጅ በአጭሩ ይነገራል። የገንዘብ ያዣችን ጥያቄና መልሱ በመግቢያው ላይ ይገባሉ። መምህር የገለጻውን ጽሑፍ፣ እህታችን የስታዲየሙን ክፍል እስከ መጪው ዓርብ ቢልኩልኝ ሰኞ ለሁለቱም ቦርዶች አቀርባለሁ።