የድንጋይ ሽበት ማጥናት ለማን ይጠቅማል?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ ማስተርስ እየሠራሁ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንጦጦ ወጥቼ ድንጋይ ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። የድንጋይ ሽበት ታውቁ የለ? ያ ግራጫና ቢጫ ሆኖ ቋጥኝ ላይ የሚለጠፈው። ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩበት ነገር ነው። በጋ ላይ ክው ብሎ ይደርቃል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ሞቷል ትላላችሁ፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ግን ነፍስ ይዘራል። እንዴት? ጥያቄዬ ይቺው ብቻ ናት።

ፕሮፖዛሉን ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ "ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?" አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። ሰፈር ስመለስ ደግሞ ቡና ላይ ኮንትራክተሩ ጎረቤታችን "ድንጋይማ እኔም አለኝ፣ እኔ ግን እሸጠዋለሁ" ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ሌሊቱን ግን ሲከነክነኝ አደረ። መሠረታዊ ምርምር፣ ማለትም ለማወቅ ብቻ ተብሎ የሚሠራው፣ ለኛ አገር ቅንጦት ነው? እባካችሁ "ያለ አንስታይን ጂፒኤስ አይሠራም ነበር" የሚለውን አትጥቀሱልኝ፣ ጠግቤያለሁ። ከደጃችን ምሳሌ ያለው አለ?

ባለ ጤፍ ከቢሾፍቱ፦
ከደጅሽ ምን አስኬደሽ፣ ከመሶብሽ ልስጥሽ። የጤፍ አበባ በጣም ደቃቅ ናት፣ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ማዳቀል አይሞከርም ተብሎ ነበር የኖረው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባዋ መቼ እንደምትከፈት አገኘ። ማለዳ፣ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ደቂቃ። አለቀ! ከዚያ ወዲህ በእጅ ማዳቀል ተቻለ። በፈረንጆቹ 2006 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍ በማዳቀል የተገኘ ነው። መሐሉ ሠላሳ ዓመት ነው እንግዲህ። "የጤፍ አበባ በስንት ሰዓት ትነቃለች" ብለሽ ፕሮፖዛል ብታስገቢ ምን የሚሉሽ ይመስልሻል?

መካኒኩ ከገላን፦
ይሄ ምሳሌ ለኔ ነው የሚመሰክረው ወንድሜ። ሰውየው አበባ የጠበቀው ማዳቀል ፈልጎ ነው። ከሥራ ተነስቶ ነው ወደ ጥያቄ የሄደው። የእንፋሎት ሞተርም እንደዚሁ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ሲስብ ኖሮ ነው ካርኖ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1824 "ቆይ፣ ሙቀት ምን ያህል ሥራ ሊሰጥ ይችላል?" ብሎ የተነሳው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማም በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ የነበሩት ቢልሃርዚያን (ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈውን የትል በሽታ) ሊያጠኑ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩት እግረ መንገዳቸውን ነው። ብር ሲያጥር ችግሩ ይቅደም ባይ ነኝ።

ላብ ያረጀው ከሱሉልታ፦
ጋሼ፣ ልክ ኖት፣ ግን ታሪኩን ከመሐል ነው የጀመሩት። በሽታውን ከሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ቡሊነስ የሚባለው ወገን ተለይቶ ስም የወጣለት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቢልሃርዚያ ትል ራሱ የታወቀው በ1851። ያ ቀንድ አውጣ ሲሰበስብ የዋለ ሰው ለማን ብሎ ነው? ለማንም። ጎረቤቶቹ ሳይስቁበት የቀሩ አይመስለኝም።

እህቴ፣ ላንቺም ነገር አለኝ። ኒላንደር የሚባል ፊንላንዳዊ በ1866 ፓሪስ ውስጥ ያንቺኑ ሽበት እያጠና ነበር። አንድ ትልቅ መናፈሻ ውስጥ ሞልቶ፣ ሌላው የከተማው ክፍል ላይ የለም። አየሩ ነው አለ። ዛሬ የአየር ብክለት በሽበት ይመረመራል። አንዱን ከእንጦጦ፣ አንዱን ከቃሊቲ ፋብሪካዎች አጠገብ ወስደሽ አወዳድሪ፣ አጨብጭበው ነው የሚያሳልፉሽ።

የኮዬዋ፦
የቃሊቲው አሪፍ ነው፣ አድቫይዘሬ በደስታ ይሞታል። ግን እሱ የኔ ጥያቄ አይደለም እኮ! እኔ ማወቅ የምፈልገው ደርቆ እንዴት እንደማይሞት ነው።

ላብ ያረጀው ከሱሉልታ፦
አውቃለሁ። ቃሊቲን አንድ ምዕራፍ ስጫት፣ የቀረው ያንቺ ነው። ሁላችንም እንደዚህ ነው የሠራነው። ብቻ "ድርቅን ይፈታል" ምናምን ብለሽ እንዳትጽፊ፣ በኋላ ሪፖርት ላይ ይጠይቁሻል።

መካኒኩ ከገላን፦
እኔ ገምጋሚ ብሆን ወረቀቱን ትቼ ነበር። ደረቁን ድንጋይ ይዘሽ ግቢ፣ ውሃ ጠብ አድርጊበትና ዝም በይ። ካልጠየቁሽ እነሱ ናቸው የደረቁት።

ሜትር ታክሲ፦
ጂፒኤስ አትጥቀሱ ያልሽው ላይ ተስማምቻለሁ። ኮዬ ፈጬ ብሎክ የሚያገኝ ጂፒኤስ እስካሁን አልገጠመኝም።